የፊደላችን የመጀመሪያ አሳታሚዎች፦ ከላስታ ብራና እስከ ሮም ማተሚያ ቤት

በላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ንጉሥ ላሊበላ ስሙን በግዕዝ ያስቀረጸባቸው የእንጨት መንበረ ታቦቶች ይገኛሉ። ዕድሜያቸው ወደ 12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ወደ 13ኛው መጀመሪያ ይመልሰናል። በላስታ ደጋ ፊደል በድንጋይ፣ በእንጨትና በብራና ላይ ሲጻፍ የኖረው ማተሚያ የሚባል ነገር በአውሮፓ ሳይታወቅ ነው። ያ የጽሕፈት ሥርዓት የየራሱ ባለሙያ ነበረው። ብራና ፋቂው ቆዳውን ያዘጋጃል፣ ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕር ይጽፋል፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለያል፣ ደጓሹ ጥራዙን ሰፍቶ በእንጨትና በቆዳ ይደጉሳል። በመጨረሻው ቅጠል ላይ ብዙ ጊዜ የጸሐፊውና የአስጻፊው ስም ይሰፍራል፤ ጸሐፊው ለስሕተቱ ይቅርታን፣ ለነፍሱ ጸሎትን ይለምናል። መጽሐፍ ማለት እንግዲህ ለቃሉ ትክክለኛነት ራሱን ዋስ ያደረገ ሰው ያለበት ሥራ ነበር። ፊደላችን ከብራና ወደ እርሳስ ሲሻገር ጀማሪው ማን ነበር ብለን ስንጠይቅም ይህን መለኪያ ይዘን መነሣት አለብን። የታሪክ መጻሕፍት ክብሩን አብዛኛውን ጊዜ ለባለ ማሽኑና ለባለ ገንዘቡ ይሰጣሉ። የዘመኑን ቅደም ተከተል ተከትለን ማስረጃውን ስንመረምር ግን፣ በየደረጃው ሥራውን መጽሐፍ ያደረገው ቋንቋውን የሚያውቀው፣ ለንባቡ የሚመሰክረውና ስሕተቱን የሚሸከመው ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሆኖ እናገኘዋለን።

የመጀመሪያው የግዕዝ ኅትመት እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ወጣ፤ መጽሐፉም መዝሙረ ዳዊት ነበር። አሳታሚው ከኮሎኝ የመጣው ጀርመናዊ ካህን ዮሐንስ ፖትከን ሲሆን፣ አታሚው ማርቼሎ ሲልበር ይባላል። ፖትከን በሮም ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ሲጸልዩ ሰማ፤ ከዜማው መካከል የእመቤታችንንና የሐዋርያትን ስም ለየ፤ ቋንቋውን ለመማርም ተነሣ። ካስተማሩት መካከል ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባለ መነኩሴ ነበር። ፖትከን የተማረውን ቋንቋ ማንነት እንኳ በትክክል አላወቀም፤ ከለዳውያን ቋንቋ ነው ብሎ አሳተመው። ይህ ስሕተት ጥረቱን አያሳንሰውም፤ ነገር ግን የንባቡ ምንጭ ማን እንደነበረ በግልጽ ያሳያል። የመጽሐፉ ምርጫ ራሱ ምስክር ነው። በላስታም ይሁን በሸዋ፣ በጎጃምም ይሁን በትግራይ፣ ንባብ የለየ የቆሎ ተማሪ የሚሻገረው ወደ ዳዊት ነው። ዳዊት የሚደገመው በየቀኑ ነው፤ ብዙ ካህንም በቃሉ ይይዘዋል። ከአገሩ ርቆ በእንግድነት የተቀመጠ መነኩሴ ለባዕድ ሰው በመጀመሪያ ሊያስተምረውና ከስሕተት ሊጠብቀው የሚችለው መጽሐፍ ከዳዊት ሌላ አይገኝም። ስለዚህ ግዕዝ ወደ ኅትመት የገባው አንድ የአውሮፓ ምሁር ቁጭ ብሎ በመረጠው መጽሐፍ ሳይሆን፣ የእኛ ትምህርት ቤት ለዘመናት ባስቀደመው መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል።

ብዙም ሳይቆይ ላሊበላ ራሷ በኅትመት ዓለም ስሟ ተነሣ። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ላስታን ጎብኝቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ ገለጸ፤ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለ ፈራም ያየውን በመሐላ አጸና። መጽሐፉ በ1540 በሊዝበን ታተመ፤ በ1550 ደግሞ ጣልያናዊው ራሙዚዮ በጉዞ መጻሕፍት ስብስቡ ውስጥ አስገባው። በእነዚህ ሁለት ዐሥርት ዓመታት መካከል ግን አገሪቱ በጦርነት ተቃጥላ ነበር። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት በ1531 ደብረ ሊባኖስንና በቤተ አምሐራ የነበሩትን ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ፤ በ1533 ደግሞ ኢማሙ ላሊበላ ደረሰ። የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ከዐለት ስለ ተፈለፈሉት ቤቶች ጽፏል። ዐለቱ እሳትን ተቋቋመ፤ ብራና ግን አይቋቋምም። በየገዳሙ የነደዱት መጻሕፍት ብዙዎቹ ሌላ ግልባጭ አልነበራቸውም። አንድ ጸሐፊ በወራት ድካም የሚጨርሰውን መጽሐፍ እሳት በአንድ ሌሊት በሚበላበት ዘመን፣ አንድን ንባብ በአንድ ጊዜ በመቶዎች ቅጂ የማባዛትን ጥቅም ከማንም ይበልጥ ሊገነዘብ የሚችለው ከተቃጠለው ገዳም የመጣ ሰው ነው። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በ1530ዎቹ በኢየሩሳሌም በኩል አድርጎ ሮም የገባው በዚህ ዘመን ነው።

በሮም የተቀበለው ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ቤቱ የተሳላሚዎች መጠለያ፣ የመጻሕፍት መጠበቂያና የትምህርት ጉባኤ ነበር። ተስፋ ጽዮን በሮማውያን ዘንድ ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ ተባለ፤ በጳጳሱ በጳውሎስ ሣልሳዊ ፊት ሞገስ አገኘ፤ ከአገሩ ልጆች ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋር ሆኖም የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ለማሳተም ተነሣ። ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ለመረዳት ፊደሉን ራሱን ማሰብ ይበቃል። 26ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲረቡ 182 ይሆናሉ፤ በዚህ ላይ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ይጨመራሉ። ለእያንዳንዱ ምልክት በብረት ላይ ቅርጽ ይወጣል፣ በመዳብ ላይ ይታተማል፣ ከዚያም በቀለጠ እርሳስ ይቀረጻል። ከዚህ በኋላ አንድ ሠራተኛ እያንዳንዱን ፊደል ከሣጥኑ እየለቀመ፣ በመስተዋት እንደሚታይ ገልብጦ ይደረድራል። የቫሌሪዮ ዶሪኮና የወንድሙ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ግዕዝ አያነቡም። ሀሌታው ሀ ከሐመሩ ሐ፣ ካዕቡ ከሣልሱ ሲቀያየር የሚያዩት ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጠል በተስፋ ጽዮንና በባልንጀሮቹ ዓይን ማለፍ ነበረበት። ሥራው በ1548 ወጣ፤ በመጀመሪያ ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ወደ ዕብራውያን የተጻፈው ብቻ ገብቶ ነበር፤ የቀሩት 13 መልእክታት በ1549 ተከተሉ።

የመጽሐፉን አሠራር ስንመለከት የአሳታሚውን እጅ በየገጹ እናገኛለን። አራቱ ወንጌላት ታትመው የወጡት ከአውሳብዮስ የወንጌል ማመሳከሪያ ጋር ነው። ይህ ማመሳከሪያ ከአባ ገሪማ ወንጌሎች ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና ወንጌል መግቢያ ላይ የሚገኝ፣ የአራቱን ወንጌላውያን ቃል አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ ሰንጠረዥ ነው። ቅዳሴና የዕጣን ቡራኬም ተጨምረውበታል፤ ከመደርደሪያ ወርዶ የሚጠና የቋንቋ ናሙና ብቻ እንዲሆን የታሰበ መጽሐፍ ይህን አይዝም። በመቅደስና በጉባኤ ላይ እንዲነበብ የታሰበ መጽሐፍ ነው ይህን የሚይዘው። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው የአሳታሚው ታማኝነት ነው። ከእጁ የነበረው የግብረ ሐዋርያት ቅጂ የጎደለ ስለነበረ፣ አብዛኛውን ክፍል ከላቲንና ከጽርዕ ተርጉሞ እንዳሟላው ለአንባቢ በግልጽ ጽፎ አስታወቀ። ለፊደል ስሕተቱም የአገሩን አባቶችና ወንድሞች ይቅርታ ጠየቀ፤ አታሚዎቹ ማንበብ እንደማይችሉ፣ እነርሱም ማተም እንደማያውቁ፣ ሁለቱ ወገኖች ተደጋግፈው እንደሠሩ ተናዘዘ። ይህ በብራና መጨረሻ ላይ ስሙን እየጻፈ ምሕረት የሚለምነው የቁም ጸሐፊ ልማድ ወደ እርሳስ የተሻገረበት ቦታ ነው። ማተሚያው አዲስ ነበር፤ ዋስትናው ግን ከጥንቱ የመጽሐፍ ሥርዓት የመጣ ነው። በእኔ ግምት ተስፋ ጽዮንን አሳታሚ የሚያሰኘው ይህ ነው፦ ምን እንደሚታተም መረጠ፣ ንባቡን አዘጋጀ፣ እርማቱን ያዘ፣ ስለ ጉድለቱ በራሱ ስም ተጠየቀ።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ መቃወሚያ ቀላል አይደለም። ገንዘቡ የጳጳሱ ነው፤ ማሽኑ የዶሪኮ ነው፤ ፊደሉን የቀረጸውም የሮማ ባለሙያ ነው፤ እንግዲህ መነኩሴው ከአማካሪነት ያለፈ ድርሻ አለው ወይ? ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከማተሚያ ታሪክ ራሱ ይገኛል። በአውሮፓም ቢሆን ማተሚያው የአንድ ሰው፣ ገንዘቡ የሌላ፣ መጽሐፉን አዘጋጅቶ የማውጣቱ ሥራ የሦስተኛ ሰው የሆነባቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ የእነዚያ አሳታሚነት ግን አጠያያቂ ሆኖ አያውቅም። በ1513ቱና በ1548ቱ ሥራዎች መካከል ያለውን ልዩነትም ማየት ይገባል። ሁለቱም በሮም፣ ሁለቱም በአውሮፓ ማሽን ታትመዋል። የመጀመሪያው በባዕድ ተማሪ እጅ ወጥቶ የኢትዮጵያዊው መምህር ድርሻ በመቅድም ጥግ ቀረ፤ ሁለተኛው በኢትዮጵያዊው ስምና ኃላፊነት ወጣ። በእነዚህ 35 ዓመታት መካከል የማተሚያው ጥበብ ያን ያህል አልተለወጠም። የተለወጠው በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ሥልጣን ነው። ተስፋ ጽዮን በ1552 ሲያርፍ፣ በዚያው ዓመት ማሪያኖ ቪቶሪዮ በአውሮፓ የመጀመሪያውን የግዕዝ ሰዋስው አሳተመ፤ ቪቶሪዮ ቋንቋውን የተማረው ከተስፋ ጽዮን ነበር። የአውሮፓ የግዕዝ ጥናት በዚህ መነኩሴ እግር ሥር ፊደል እንደቆጠረ የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ደግሞ ከራሳችን ወገን ይመጣል። መጽሐፉ ለማን ጠቀመ? የሮም ዓላማ ኢትዮጵያን ወደ ካቶሊክ ማምጣት ነበር፤ የላስታ ካህንም ከዚያ በኋላ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በብራናው ሲቀድስ ኖረ። ይህ እውነት ነው፤ ምክንያቱንም ላስታ ራሷ በደም ጽፋዋለች። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ ብርቱ ተቃውሞ ከተነሣባቸው ቦታዎች አንዷ ላስታ ነበረች። በመልክአ ክርስቶስ የተመራው የላስታ ገበሬ ለአባቶቹ ሃይማኖት ተዋጋ፤ በሰኔ 1632 በወይና ደጋ ጦርነት በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ፤ ንጉሡም ድል ካደረጉ በኋላ በዚያው ወር የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለፋሲለደስ ተዉ። ይህን ያየ ሕዝብ ከሮም የመጣ የግዕዝ መጽሐፍ ሲቀርብለት ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የካቶሊክ ሰባኪዎቹ ኢየሱሳውያን በግዕዝ ያዘጋጁት የክርክር መጽሐፍ በሕንድ አገር በጎዋ በ1642 ታትሞ ሲወጣ እነርሱ ከኢትዮጵያ ተባርረው ነበር። ኅትመት ወደ አገራችን የዘገየው ሕዝቡ ጥበብን ስለ ጠላ ሳይሆን፣ ጥበቡ ከእምነት ወረራ ጋር ተጣብቆ ስለ መጣ ነው። የተስፋ ጽዮን ሥራ ግን በዚህ ምክንያት ከንቱ አልሆነም። በ1657 የተጠናቀቀው የሎንዶን የብዙ ቋንቋዎች መጽሐፍ ቅዱስ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን የወሰደው ከእርሱ ኅትመት ነው፤ ቶማስ ፔል ፕላት በ1830 አዲስ ኅትመት እስኪያወጣ ድረስም ዓለም የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ያነበበው በእርሱ በኩል ነበር።

ከተስፋ ጽዮን ዕረፍት ወደ መቶ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ያው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ሌላ ሊቅ አስተናገደ። አባ ጎርጎርዮስ ከቤተ አምሐራ ከመካነ ሥላሴ የመጡ ነበሩ፤ ቦታው ከላስታ በስተደቡብ በዛሬው ደቡብ ወሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ታላቁ ቤተ ክርስቲያኑ በ1531 ከተቃጠሉት አንዱ ነው። በ1649 ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በሮም አገኛቸው፤ በ1652 ደግሞ በመስፍኑ በኤርንስት ጥሪ ወደ ጎታ ሄደው ስለ አገራቸው ታሪክ፣ ሃይማኖት፣ መልክዐ ምድርና ቋንቋ መለሱለት። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ የተግባቡት በግዕዝ ነው፤ አንዳቸውም አፋቸውን በቋንቋው የፈቱ ባይሆኑም ግዕዝ የሊቃውንት መገናኛ ሆኖ አገለገላቸው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በባሕር ሰጥመው ሞቱ። ሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላቱን በ1661፣ የኢትዮጵያ ታሪኩን በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን በ1698 አወጣ፤ የመምህሩን ውለታም በጽሑፉ መሰከረ። አማርኛ በኅትመት ሰዋስው ሲኖረው የመረጃው ምንጭ የወሎ ደጋ ልጅ ነበሩ። እዚህ ላይ ግን ልዩነቱን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን፤ ተስፋ ጽዮን ራሱ አሳታሚ ነበር፤ አባ ጎርጎርዮስ መምህር ሆነው ቀሩ፤ መጽሐፉ በሉዶልፍ ስም ወጣ። ሉዶልፍ ታላቅና አመስጋኝ ምሁር ባይሆን ኖሮ ስማቸው እንደ ብዙዎቹ ጠፍቶ በቀረ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ነገሩ በዚሁ መንገድ ቀጠለ። መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ የተረጎሙት አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቁት ጎጃሜው አባ አብርሃም ናቸው፤ ሥራውን በካይሮ ከፈረንሳዊው ቆንስል ከአስሊን ጋር ለዐሥር ዓመታት ያህል ደክመው ፈጸሙት። የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን ገዝቶ ወንጌሎቹን በ1824፣ ሙሉውን በ1840 አሳተመ። በ1863 በምጽዋ የላዛሪስት ሚሲዮን ማተሚያ ተከለ፤ በ1880ዎቹ ደግሞ የስዊድን ሚሲዮን በእምኩሉ የራሱን አቋቋመ። በዚያ ከባርነት ነፃ የወጡት አናሲሞስ ነሲብ በ1893 ሐዲስ ኪዳንን በኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል አሳተሙ፤ በ1894 ከአስቴር ጋኖ ጋር የኦሮምኛ ማንበቢያ አወጡ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊዘርላንድ ታተመ። አስቴር የሕዝቡን ተረትና ዘፈን ከቃል ወደ ጽሑፍ ያመጡ፣ ለቋንቋው ቃላት የሰበሰቡ ሴት ናቸው። ሚሲዮኖቹ የራሳቸው ዓላማ እንደነበራቸው ማንም አይክድም። ሆኖም የሚሲዮኑ ማሽን አናሲሞስንና አስቴርን ባያገኝ ኖሮ የሚያትመው ኦሮምኛ አይኖረውም ነበር። ከቶማስ እስከ አስቴር ባሉት 380 ዓመታት ውስጥ የገንዘቡ ምንጭ፣ የሃይማኖቱ ወገንና የማተሚያው ከተማ ተለዋውጠዋል፤ ሳይለወጥ የቀረው የቋንቋው ባለቤት አስፈላጊነት ነው።

ተቃራኒውን ሁኔታ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ የላሊበላ ገድል ምስክር ይሆነዋል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር በመቅደላ ዐፄ ቴዎድሮስን ድል ካደረገ በኋላ ንጉሡ የሰበሰቧቸውን ብራናዎች ወሰደ፤ ከእነዚህም 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ በ1882 ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፍ አወጣ፤ ጁል ፔሩሾን በ1892 የንጉሥ ላሊበላን ገድል በብሪቲሽ ሙዚየም ከሚገኝ ብራና ገልብጦ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በፓሪስ አሳተመ። የፔሩሾን ሥራ ለጥናት ጠቅሟል፤ ዛሬም ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ገድሉ ለላስታ ሰው የሚነበበው በበዓሉ ቀን፣ በደብሩ፣ ቦታዎቹን በእግሩ በሚያውቅ ሕዝብ ፊት ነው። ቤተ ማርያምን ከቤተ ጎልጎታ፣ የዮርዳኖስን ወንዝ ከደብሩ ወግ ጋር አገናኝቶ የሚያብራራው የደብሩ ሊቅ በጠረጴዛው ዙሪያ ስላልነበረ፣ ያ እውቀት ከኅትመቱ ውጪ ቀረ። የዚህ ዓይነቱ ጉድለት በታተመው ፊደል ላይ አይታይም፤ ገጹ ንጹሕ ሆኖ ይነበባል። በዚህ ምክንያትም ጉዳቱ ከተስፋ ጽዮን የፊደል ስሕተት ይከፋል፤ የእርሱን ስሕተት ራሱ ነግሮን ልናርመው እንችላለን፤ ያልተጠየቀ ሊቅ ይዞት የሞተውን ግን የሚመልስልን የለም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማተሚያ አዲስ አበባ ገባ፤ አእምሮ ጋዜጣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ተጀመረ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በስሙ የተጠራውን ጋዜጣ በ1925 ማውጣት ጀመረ፤ በሊቃውንት የተዘጋጁ የትርጓሜ መጻሕፍትም መታተም ጀመሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኑም ሊቁም በአንድ አገር ሰው እጅ ሆኑ፤ የታተመ ዳዊትና ውዳሴ ማርያምም ቀስ በቀስ ከላስታ ካህን እጅ ደረሰ። በ1973 ደግሞ በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኝ ተቋም ጋር በመተባበር የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትም ተነሡ። ካሜራው ከባሕር ማዶ መጣ፤ ፊልሞቹን ለዓለም ጥናት የከፈተው ዝርዝር ግን በአብዛኛው የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ድካም ነው፤ የአብነት ትምህርትንና የዘመኑን ጥናት አዋሕዶ የያዘ ሰው ባይገኝ ፊልሙ በሣጥን ተቆልፎ በቀረ። ዛሬ ብራና በዲጂታል ካሜራ ይነሣል፤ ከላስታ በስተሰሜን የዋግ ሕዝብ ኽምጣንጋን በትምህርት ቤት ያስተምራል፤ የመማሪያ መጻሕፍትንም ይፈልጋል። በሁለቱም ሥራ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የገንዘብና የመሣሪያ ጥያቄ ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ጥያቄ እንድናስቀድም ያስገድደናል፦ ንባቡን የሚያርመው ማን ነው? ስሙስ በመጽሐፉ ላይ ይሰፍራል ወይ? የላስታ የቅኔና የትርጓሜ መምህር፣ የዋግ የኽምጣንጋ አዋቂ ከአማካሪነት ወጥተው አዘጋጅ ተብለው በመጀመሪያው ገጽ ሊጠሩ፣ ድካማቸውም ሊከፈል፣ ስለ ጉድለቱም ሊጠየቁ ይገባል። ተስፋ ጽዮን በባዕድ አገር፣ በባዕድ ገንዘብ፣ ማንበብ በማይችሉ ሠራተኞች መካከል ይህን ሥልጣን ማግኘት ከቻለ፣ በገዛ አገራችን ለሊቆቻችን የምንነፍግበት አንዳችም ምክንያት የለንም።